ካፖርት የለበሰው ወንበር

በፓተንት ጽሕፈት ቤቱ የችሎት ክፍል ውስጥ ሰው ተቀምጦበት የማያውቅ አንድ ወንበር ነበር። ወንበሩ ደህና ነው፤ እግሩ አልተሰበረም፣ ሚስማርም አልወጣበትም። ባለቤቱ ግን የለም። አልሞተም፣ አልተሰደደም፤ ከመጀመሪያውም አልተወለደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ የነበሩ ሁለት ሦስት ነገሮችን አገጣጥሞ «ይህን እኔ ፈጠርሁ» ብሎ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት፣ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ሕጉ አንድ ጥያቄ ያስጠይቃል፦ በዚያው ሙያ ያለ ተራ ባለሙያ እነዚህን ነገሮች ማገጣጠሙን በቀላሉ ያስበው ነበር ወይ? ያስበው ከነበረ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ፈጠራ አይደለም፤ መብቱ ይሰረዛል። ይህ ተራ ባለሙያ ታዲያ ጉደኛ ፍጡር ነው። በሙያው የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል፣ የተሠራውን ሁሉ ነካክቷል፣ በዕድሜው ግን አንዲት ነገር እንኳ ፈጥሮ አያውቅም። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ለዚህ መግለጫ የሚበቁ ሠራተኞች ሞልተው ነበር፤ ከማንበቡ በስተቀር።

የዱሮዎቹ ዳኞች ይህን የሌለ ሰው እንዳይረሱት ባዶ ወንበር አኖሩለት። ቀና ባሉ ቁጥር ወንበሩን እያዩ «እሱ ቢሆን ምን ይል ነበር?» ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ በዚያ ቤት ግን ጥሩ ሐሳብ ዕድሜ የለውም። አዲሱ ሰብሳቢ ዳኛ የተሾሙ ዕለት ገቡና፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ ካፖርታቸውን ወንበሩ ላይ ጣል አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ካፖርቱ እዚያው ነው። ጥቁር ነው፤ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ነው፤ ከሩቅ ላየው ራስ የሌለው ሹም የተቀመጠ ይመስላል። እንግዲህ የሰብሳቢውን ካፖርት የለበሰ ሰው የሰብሳቢውን ሐሳብ ቢያስብ ምን ይገርማል?

ሰብሳቢው ሕግ አክባሪ ነበሩ፤ ማለትም ሕጉን እንደ ጋለ ድስት ክዳን በእጃቸው ሳይሆን በጨርቅ ነበር የሚይዙት። ዳኞች ከድምፅ በፊት በጉዳዩ ላይ እንዳይነጋገሩ ተከልክሏል። ስለዚህ እሳቸው ከማንም ጋር አይነጋገሩም። ክርክሩ ሲያልቅ ብቻ ወደ ወንበሩ ዘወር ይሉና ለካፖርታቸው ፈገግ ብለው «ተራው ባለሙያ ሳቀ» ይላሉ። መብቱ ይሰረዝ ማለታቸው ነው። ወይም «ተራው ባለሙያ አፉን ከፍቶ ቀረ» ይላሉ፤ መብቱ ይጽና ማለታቸው ነው። ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። ታላቁ ታናሹን እንዳይጫነው በሚል ድምፁ ከታናሽ ይጀመራል። ምን ያደርጋል፣ ካፖርቱ ከሁሉም በፊት ተናግሮ ያበቃ ነበር።

መካከለኛው ዳኛ ይህ ሥርዓት ተስማምቶት ነበር። ስሙን የሚጠራው የለም፤ «እንዳሉት» ይሉታል። በዳኝነት ዘመኑ ከዚህ ቃል ሌላ ሲናገር የሰማው የለምና። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፋት የራስ ሐሳብ ይፈልጋል።

ታናሿ ዳኛ «ምላጭ» ናት። ፊት ለፊት «እህታችን» ይሏታል፣ ዞር ስትል «ምላጭ»። የመስታወት ቆራጭ ልጅ ነች፤ ያደገችው እግር ሥር ስንጥርጣሪ በማይታጣበት ቤት ነው። አባቷ ትልቅ መስታወት ለመቁረጥ ሲያጎነብስ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። አንዳንዴ ይሰነጠቅበታል። ያን ጊዜ ደንበኛው፣ ጎረቤቱ፣ መንገደኛው ሁሉ አንገቱን አስግጎ «እኔ እኮ አይቼው ነበር! እዚች ጋ መስመር ነበረች!» ይላል። አባትየው ስንጥርጣሪውን እየለቀመ «ከተሰበረ በኋላ ስንጥቁን ያላየ የለም» ይላል። ሌላ ርስት አላወረሳትም፤ ይህችን ዓረፍተ ነገርና ግልፍተኝነቱን ብቻ። ስለ ብርሃን ጠባይ ተማረች፣ ከመስታወት አልራቀችም፤ መርማሪ ሆነች፣ ቀጥሎም ዳኛ። ባል አላገባችም። ከታላቅ እህቷ ጋር ትኖራለች። እህቷ «አግብታማ ቢሆን ሰውየው በሳምንቱ ማስረጃ አምጣ ይባል ነበር» ትላለች።

ለዚህ ታሪክ ምክንያት የሆነችው ደግሞ አንዲት ታፔላ ሠሪ ነች። ለሱቅ፣ ለክሊኒክ፣ ለጋራዥ ታፔላ ስትጽፍ ኖራ፣ ቀለሙን ስክሪን ሲበላባት እሷም ወደ ስክሪን ዞረች። የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ የሚቆም፣ በጠራራ ፀሐይ የሚነበብ ስክሪን ሠራች። አዲስ የሚባል ዕቃ የለበትም። አንደኛው ዕቃ የቆየ ነው፦ ከኋላው በመብራት ፈንታ ብርማ ንጣፍ ያለው ስክሪን፤ ፀሐይቱን ራሷን መልሶ ይረጫል፣ ፀሐይ በበረታች ቁጥር ይደምቃል። ሁለተኛውም የቆየ ነው፦ ስክሪኑን ከመከላከያው መስታወት ጋር የሚያጣብቅ ጥርት ያለ ሙጫ። በመሀላቸው አየር ከቀረ መስታወቱ የተሳፋሪውን ፊት እንጂ የአውቶቡሱን ቁጥር አያሳይም።

ሁለቱ አንድ ላይ ቢሆኑ ድንቅ ነው፤ ግን እሳትና ጭድ ናቸው። ሙጫው የነካው ብርማ ንጣፍ ሳይቆይ ይጠቁራል። በስክሪን ሙያ ያለ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ማንም አይሞክረውም። ታፔላ ሠሪዋ ግን አንድ ቀን ሙጫውን መስታወቱ ላይ እንዳፈሰሰች ከወርክሾፑ አከራይ ጋር ተጣላች። ጥሉ ቀኑን ጨረሰው። በማግስቱ ስትመለስ ሙጫው ብቻውን ረግቷል። ልትጥለው ነበር፤ ንዴቷ ስላልበረደ በእልህ ስክሪኑ ላይ ደፋችው። ተጣበቀ። ወራት አለፉ፣ አልጠቆረም። ለካ ንጣፉን የሚበላው ሙጫው አልነበረም፤ ሙጫው ሲረጋ የሚያወጣው ትነት ነው። ቀድሞ ከረጋ ምንም አይነካውም።

ፓተንት አገኘች። ወዲያው ትልቁ የስክሪን ኩባንያ «ይሰረዝልኝ» ብሎ መጣ። ከተሰረዘ ኩባንያው በማግስቱ የእሷኑ ስክሪን ያወጣዋል፤ እሷ ወደ ብሩሿ ትመለሳለች፣ ያውም ብሩሹ ሥራ ካገኘ።

የኩባንያው ጠበቃ አፈ ቅቤ ነው። ማመልከቻው ሲጨመቅ ይህን ይላል፦ ንጣፉ ነበረ። ሙጫው ነበረ። ሙጫ እስኪረጋ መጠበቅ ደግሞ ሕፃን የሚያውቀው ነው። አንድና አንድ ሲደመር ሁለት ነው፤ ሁለትን ማንም ሊይዘው አይገባም። የምላጭ ዓይን ደም የለበሰው ሙግቱን አይታ አይደለም፣ ፊርማውን አይታ ነው። ይኸው ጠበቃ ባለፈው ዓመት እዚያው ክፍል ቆሞ፣ ለዚሁ ኩባንያ፣ ስክሪን ላይ የፀሐይ መከላከያ ቆብ ስለመድፋት ሲከራከር እንባ ቀረሽ ነበር። «ክቡራን ዳኞች፣ ስክሪን ነበረ፣ ቆብም ነበረ፤ ሁለቱን ለማገናኘት ግን ስንት የሰው ልጅ ትውልድ አለፈ!» አለ። ካፖርቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። እንዳሉት «እንዳሉት» አለ። ምላጭ ብቻዋን «ቆብማ በሬም ይደፋል» ብላ ተቃወመች። እነሆ ለኩባንያው ሲሆን ቆብ መድፋት የትውልድ ዝላይ ነው፤ ለታፔላ ሠሪ ሲሆን ትዕግሥት እንኳ የሕፃን ጨዋታ ነው።

እንግዲህ ምላጭ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን አደረገች? እሷም ያንኑ የሙያውን በሽታ ታመመች። እንደ ልማዷ ባለ ቀለም እርሳሶቿን አወጣች። የታፔላ ሠሪዋን ጽሑፍ አነበበች፦ ንጣፉን በቀይ፣ ሙጫውን በሰማያዊ፣ መጠበቁን በአረንጓዴ ቀለመች። ከዚያ አሮጌዎቹን ፈጠራዎች ገለጠች። ቀዩ አለ። ሰማያዊው አለ። አረንጓዴውም በየሙጫው ቆርቆሮ ላይ አለ። ወንበሯ ላይ ተደገፈችና በምሬት «ግልጽ ነው» አለች። ያን ሌባ ጠበቃ ትክክል ማለቷ አንጀቷን አሳረረው፤ ግን ዳኛ ነኝ ብላ ዋጠችው። እንደዚያ ስትናደድ ሐቀኛ የሆነች ይመስላታል።

ማታ ቤቷ ስትገባ እህቷ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆማ በሩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ያ በር ክረምቱን ሙሉ እየተቀረቀረ ጎረቤት የሰማው ጦርነት ሲካሄድበት ነበር።

«አናጢው መጣ?» አለች ምላጭ።

«መጣ፣ ሄደ። ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? በሩን እንኳ አልነካውም! ካርቶን አጥፎ ከፊተኛው እግር ሥር ወሸቀ። አለቀ! ወለሉ ነው አሉ የተንጋደደው። ይቺንማ እኔም አደርጋት አልነበር? ሰው አያፍርም፣ ለካርቶን ሊያስከፍለኝ!»

«ታዲያ እትዬ፣ ክረምቱን ሙሉ ለምን በርግጫ ስትይው ከረምሽ?»

«በሩ ነዋ የተበላሸው የመሰለኝ!»

«ወለሉን ለምን አላየሽም?»

«ማን ወለል ያያል፣ በር ሲቀረቀርበት? ደግሞ አንቺ ዳኝነትሽን እዚያው ተይው፣ እራት ይቀርባል።»

ምላጭ ኮቷን እንደለበሰች ቁጭ አለች። ፊቷ መቅላት ጀመረ፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላ። እህቷ ደንግጣ «ምነው? ምን አልሁሽ?» አለች።

«አንቺን አይደለም። ራሴን ነው። መልሱን በእጄ ይዤ ነው እኮ ጥያቄውን የፈታሁት! ካርቶኑን አይቼ ነው ወለሉን ያወቅሁት! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ እኔ ነኝ ውሻዋ!»

«ውሻ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም» አለች እህቷ ተቆጥታ፤ «ኋላ ውሻ አለችኝ እንዳትይ።»

በማግስቱ ምላጭ የታፔላ ሠሪዋን ጽሑፍ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። አሮጌዎቹን ብቻ ገልጣ ራሷን ጠየቀች፦ ይህን መልስ ሳላይ፣ እነዚህን ብቻ ይዤ፣ ወዴት እሄድ ነበር? ያገኘችው መንገድ አልነበረም፤ አጥር ነበር። የሙያው መጻሕፍት ሁሉ አንድ ድምፅ ናቸው፦ ሙጫን ከብርማ ንጣፍ አርቁ። ጥፋቱን ሙጫ አይችልም በሚሉት ንጣፍ ላይ ነው የሚያላክኩት። የሙጫውን አረጋግ የጠረጠረ የለም። ሁሉም በሩን በርግጫ ይላል፤ ወለሉን ያየ የለም። ያን ጊዜ የምላጭ ንዴት ትክክለኛ አድራሻውን አገኘ።

የችሎቱ ቀን ክፍሉ ሞላ። ታፔላ ሠሪዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስክሪኗን እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ጠበቃው ከኋላው አንድ ሽበታም መሐንዲስ አቁሟል፤ የኩባንያው ምስክር ነው። ጠበቃው ተነሣ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ጀመረ።

«ክቡራን ዳኞች፣ ይህ ፈጠራ አይደለም፣ አጋጣሚ ነው! ሴትየዋ ራሷ ብላለች፤ ከአከራይዋ ጋር ተጣልታ ነው የረሳችው። እንግዲህ ጠብ ሁሉ ፓተንት ሊሰጠው ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። ታፔላ ሠሪዋ ከጥግ «አንተ ሃምሳ ጊዜ ብትጣላ ምን ይወጣሃል? ጡጫ!» ብላ ጮኸች።

«ሥርዓት!» አሉ ሰብሳቢው፤ እሳቸውም ሲስቁ ነበር። «ምስክሩ ይቅረብ።»

መሐንዲሱ ቀረበ። ምስክር ቆሞ መናገር የቤቱ ልማድ ነው። ሰውየው ጉልበቱን ያመዋል፣ አንዱን እግር እየለዋወጠ ይቆማል። ምላጭ አየችው፤ ከዚያ ወንበሩን አየች።

«ጌታዬ፣» አለች ለሰብሳቢው፣ «ምስክሩ ይቀመጡ።»

«ወንበር የለም።»

«አለ እንጂ።»

«ያ እንኳ...» አሉ ሰብሳቢው፤ «ያ የተያዘ ነው።»

«በማን?»

ምላጭ ተነሥታ ሄደች። ካፖርቱን በሁለት ጣቶቿ፣ አይጥ በጭራዋ እንደሚያዝ አንጠልጥላ፣ አምጥታ ሰብሳቢው ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እንዳሉት ዓይኑን ጨፈነ። መሐንዲሱ በሰቀቀን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ስክሪን። ጸጉሬ የሸበተው በስክሪን ነው።»

«የሙያውን ጽሑፍ ያነባሉ?»

«የወጣውን ሁሉ። ሥራዬ ነዋ።»

«የፈጠሩት ነገር አለ?»

መሐንዲሱ ጠበቃውን አየ፣ ጣራውን አየ። «እኔ እንኳ... የለም። ብፈጥርም አለቃዬ ነው የሚፈርመው።»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ምላጭ አልሳቀችም። «እንግዲያው እንኳን መጡ ጋሼ። ይህ ቤት እርስዎን ሲጠብቅ ነው የኖረው። የተቀመጡበት ወንበር የእርስዎ ነው። አሁን ይንገሩኝ። ይህቺን ሴት አላዩም፣ ስክሪኗን አላዩም። ብርማ ንጣፍና ሙጫ ሰጥቼዎት፣ በፀሐይ የሚነበብ ስክሪን ይሥሩልኝ ብልዎት፣ ምን ያደርጋሉ?»

«አንዱን እመልስልዎታለሁ።»

«ለምን?»

«ይጠቁራላ! አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ የሚነገረው እሱ ነው።»

ጠበቃው ብድግ አለ። «ክቡራን ዳኞች፣ ምስክሩ ደክመዋል...»

«ተቀምጠዋል፣ አይደክሙም» አለች ምላጭ። «ጋሼ፣ ኩባንያዎ ሞክሮት ያውቃል?»

«የኩባንያ ምስጢር ነው!» ብሎ ጠበቃው ጮኸ።

መሐንዲሱ እጆቹን አያቸው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። «ሞክረናል። ለዓመታት። ንጣፉን አወፈርነው፣ አሳሳነው፣ ለወጥነው። ከንጣፉ ጋር ስንጣላ ኖርን። ሙጫውን ያማ ሰው የለም። በኋላ የእሷን ገዝተን ፈታተን ስናይ፣ ቀድማ ያረጋችው ኖሯል! ራሳችንን መታን። እንዴት ቀላል ነው ተባባልን።»

«ይኸው! ቀላል ነው አሉ! በራሳቸው አፍ!» ጠበቃው ሊዘል ምንም አልቀረው።

ምላጭ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ፈትተው ካዩ በኋላ! አባቴ መስታወት ቆራጭ ነበር። ከተሰበረ በኋላ ስንጥቁን ያላየ የለም ይል ነበር። ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሯችሁ፣ መሐንዲስ ነበራችሁ፣ ዓመታት ነበሯችሁ። ግልጽ ከነበረ ምን አስተኛችሁ? ባለፈው ዓመት ቆብ መድፋት የትውልድ ዝላይ ነው ያለው አፍ ዛሬ ይህን ሕፃን ያውቀዋል ሲል ምላሱ አይያዝም?»

ክርክሩ አበቃ። አሁን የሰብሳቢው ተራ ነው። ከልማዳቸው የተነሣ ወደ ወንበሩ ዘወር አሉ፤ ፈገግታው እንኳ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ነበር። ወንበሩ ላይ ግን ሰው አለ፤ ዓይን ያለው ሰው፤ ያያቸዋል። ተራው ባለሙያ ሳቀ እንዳይሉ አልሳቀም፤ አፉን ከፍቶ ቀረ እንዳይሉ አፉን የከፈተው ለመናገር ነበር፤ የተናገረውን ደግሞ ሁሉም ሰምቷል። ፈገግታቸውን መልሰው ዋጡት። ካፖርታቸውን ጭናቸው ላይ ሰብስበው ግድግዳውን ማየት ጀመሩ።

«ድምፅ» አሉ በደረቁ።

ምላጭ ጀመረች። «ግልጽ አይደለም። መብቷ ይጽና።»

የእንዳሉት ተራ ሆነ። ሰብሳቢውን አየ፤ ግድግዳውን ያያሉ። ወንበሩን አየ፤ መሐንዲሱ ጉልበቱን ያሻል። ካፖርቱን ፈለገ፤ ተጠቅልሏል። በዚያ ክፍል እስከዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ያለ ዳኛ ቢኖር አንዲት ሴት ብቻ ናት። ወደ ምላጭ ዞረ፤ አፉ ከለመደው በቀር ሌላ መንገድ አያውቅም።

«እንዳሉት» አለ።

ሁለት ሆኑ። ሰብሳቢው ምን እንዳሉ የሰማ የለም፤ የሚለውጠውም አልነበረም። የታፔላ ሠሪዋ መብት ጸና።

ደስታ እንዳትጠብቁ። ምላጭ ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ ከመግባቷ ይልቅ ተቆጥታ ነበር። እውነት ያሸነፈችው ስለተሰማች አይደለማ! አንድ አሽከር ጌታው ፊቱን ስላዞረበት ነው። ካፖርቱ ወንበሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሁሉ የመሐንዲስ ቃል ለግድግዳ የተነገረች ነበረች። ይህን እያሰበች ስትሄድ ጠበቃው አጠገቧ አለፈና በስልኩ «ገና ከጅምሩ የማይሆን መሆኑ ግልጽ ነበር፣ ነግሬያችሁ ነበር» ሲል ሰማችው። ደረጃው ላይ ታፔላ ሠሪዋ ስክሪኗን እንደታቀፈች ጠበቀቻት። የምታመሰግናት መስሏት ምላጭ ቆመች።

«ይኼንን ያህል ግልጽ ለሆነ ነገር ነው ይኼ ሁሉ ማንከራተት?» አለቻት ታፔላ ሠሪዋ። «ማንም ያየው የነበረ ነገር! ሥራ የላችሁም እናንተ ሰዎች?»

ምላጭ ደረጃውን ወረደች።

ብዙም ሳይቆይ «ለልምድ ልውውጥ» ተብሎ ወደ ታችኛው ፎቅ፣ የጠርሙስ ቆርኪ ፈጠራዎች ወደሚመረመሩበት ክፍል አዛወሯት። የችሎቱ ክፍል ተስተካከለ፤ በወንበሩ ቦታ ቆንጆ የኮት መስቀያ ቆመ። እንዳሉት ሲያየው ፊቱ በራ ይባላል።

ወንበሩን ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አገኘችው፤ የተሰበሩ ማራገቢያዎች ተጭነውበት ነበር። ራሷ ጎትታ አወረደችው። አቧራውን ጠረገችና ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት፣ ቀና ስትል ዓይኗ የሚያርፍበት ቦታ አኖረችው። እህቷ አንድ ቀን ምሳ ልታደርስላት መጥታ ቀዝቃዛ ቀን ነበርና ጋቢዋን እያወለቀች ወደ ወንበሩ እጇን ሰደደች።

«እዚያ ላይ አይሆንም!» አለች ምላጭ ከቆርኪዎቿ ቀና ሳትል።

«ምነው? ባዶ አይደል እንዴ?»

«ባዶ አይደለም። ሰው አለበት።»